የተቀደደው ሳጥን

ልጄ በዕውቀቱ መሞቱን የሰማሁት ቀየት ገበያ ላይ፣ ጨው ስገዛ ነው። የነገረኝ ወዳጆ ነው። ወዳጆ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከበዕውቀቱ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ አንድ እጁን ሰሜን ጥሎ ተመለሰ። ጠጋ አለኝና፣ «እትዬ አማከለች፣ በዕውቄን ከእንግዲህ አይጠብቁት። ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ ብቻ» አለኝ። ወዲያው ዞር ብሎ የጨው ነጋዴዋን ዋጋ ጠየቃትና ሳይገዛ ሄደ።

እኔም ጨዌን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እሳት አነደድኩ፣ ወጥ ሠራሁ፣ በላሁ። ያን ጨው ጨምሬው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ምላሴ ምንም አላለኝም።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ በሩ ይንኳኳል። ሴትዮዋ ደጃፏ በሰው ሞልቶ ስታይ ገና ሳይነገራት ይገባታል። ሲነገራት ትጮኻለች፣ ስትወድቅም የሚይዛት አታጣም። የእኔ ግን እንደ ሐሜት ሹክ ተባለልኝ፤ እንደ ሐሜትም ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እንዳላለቅስ ደግሞ ተከልክሏል። መንግሥት ሞተ ካላለ ሞተ አይባልም። ካድሬያችን ጓድ ኃይሌ ስብሰባ ጠርቶ፣ የጠላት ወሬ ሰምቶ ድንኳን የሚተክልና ደረት የሚመታ ፀረ አብዮት ነው ብሎናል። ይህ ጓድ ኃይሌ እናቱ ያወጣችለት ስም ኃይለ ኢየሱስ ነበር። ካድሬ ሲሆን ኢየሱስን ጣለና ኃይሉን ብቻ አስቀረ። ለክርስትናው ዳቦ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም ቢሆን ሲጠመቅ አገር ይያዝልኝ ብሎ የጮኸ ልጅ ነው።

የነፍስ አባቴ መምሬ አፈወርቅ ዘንድ ሄጄ ፍትሐት እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፤ በምን ልፍታው?» አሉኝ። ፈርተው ነው፤ አልፈረድኩባቸውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ መስቀላቸውን ስሳለም ቅዝቃዜው እንኳ ከንፈሬን አይሰማውም ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ባይከለከልም ዕንባ አልነበረኝም። ከብት ወደማይደርስበት ገደል አፋፍ ብቻዬን ሄጄ ሞክሬያለሁ። ስሙን ጠራሁት፣ ደረቴን መታሁት፤ የሌላ ሰው ደረት የመታሁ ያህል ነበር። አንድ ቀን የፈላ ውኃ እጄ ላይ ተደፋና ቆዳዬ ተላጠ። ያወቅሁት ጎረቤቴ ይመኙሻል ስትጮህ ነው።

ደግሞ ለቅሶ አለ። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል፤ የተረፈውን ዕንባ የሚያራግፈው እዚያ ነው። እኔ ግን የባልቴት ለቅሶ ላይም፣ የሕፃን ለቅሶ ላይም ዓይኔ ደርቆ እቀመጣለሁ። ልቧ ድንጋይ ነው፣ ሰው ስትንቅ ነው ይሉኝ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም ከይመኙሻል። ምንም አልመሰለኝም። ምንም ያለመምሰሉ ግን አስፈራኝ፤ ልጄን ሳላለቅሰው መሞቴ ነው አልኩ።

ይመኙሻልን ላስተዋውቃችሁ። ቤቷ ከቤቴ በአጥር ነው የሚለየው። የእሷ ልጅ ወሰኔ ከበዕውቀቱና ከወዳጆ ጋር በዚያው መኪና ነው የሄደው። ወዳጆ የነገረኝን ከመምሬ ሌላ ለእሷ ብቻ ነግሬያታለሁ። አቀፈችኝና አለቀሰችልኝ፤ እኔ እንደ ምሰሶ ቆሜ አስለቀስኳት። ቆይታ፣ «እኔን ግን ወዳጆ ምንም አላለኝም። ቢኖር ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ የጆሮ ነገር የመጣባት። እኔ ለበዕውቀቱ የብርድ ልብስ፣ ባና ላሠራለት ብዬ የነደፍኩት የበግ ፀጉር በሙዳይ ተቀምጦ ነበር፤ ከሱ ቆንጠር ታደርግና ድብልብል አድርጋ ጆሮዋ ውስጥ ትወትፋለች። ነፋሱ ጆሮዬን አመመኝ ትላለች። ቀየት ላይ ነፋስ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ዕድሜዋን ሙሉ ያላመማት ነፋስ ያን ዓመት ጠላት ሆነባት።

የአብዮት በዓል ዕለት የአውራጃው የኪነት ቡድን ይመጣል ተባለ። የሴቶች ማኅበር አባል የሆነች ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንድትገኝ፣ የቀረች ከማኅበር ሱቅ ስኳር እንደማታገኝ ተነገረ። ስኳሩ ግድ ሰጥቶኝ ሳይሆን፣ መቅረትም መሄድም ለእኔ አንድ ስለነበር ሄድኩ።

በጭነት መኪና ላይ ጄኔሬተር፣ ከበሮ፣ ጊታርና ድምፅ የሚያጎሉ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ሳጥኖች አመጡ። ጊታር የሚመታው ተገኘ የሚባል ጎፈሬ ያለው ቀጭን ልጅ ነበር። ሰዉ ገና እየተሰበሰበ፣ ካድሬውም መፈክሩን እያሰቀለ ሳለ፣ ተገኘ ለሙከራ ክሩን መታው። አንደኛው ሳጥን አጓራ።

ሴቶቹ አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ። ሰይጣን ነው ያሉም ነበሩ። ይመኙሻል ፈጥና ጆሮዋን ወተፈችና ለእኔም ድብልብል ፀጉር ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። ድምፁ በጆሮዬ ብቻ አልነበረም የገባው። ከመሬት ተነሳ፣ በጉልበቴ አልፎ ደረቴ ላይ ተቀመጠና ጎድኔን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጥርሴን ነዘረኝ። ከዚያ ከጨው ቀን ወዲህ ሰውነቴ የእኔ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ጎድን እንዳለኝ አወቅሁ። ሰይጣን ከሆነም ይሁን ብዬ ወደ ሳጥኑ ቀረብኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘፈን ስለ ምርት፣ ስለ እናት አገር፣ ስለ ድል ነበር። ቃሉን አልሰማሁትም። ሌሎቹ ዘፋኞቹን ያያሉ፤ እኔ ሳጥኑን አያለሁ። ተገኘ ረዘም አድርጎ ሲጎትተው ያ ሳጥን ያጓራል፣ ደረቴም አብሮ ያጓራል። ደስታ አልነበረም። ሐዘንም አልነበረም። የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚለው ነው፤ ያማል፣ ግን እግርህ መኖሩን ትሰማለህ።

ሲያበቃ ጆሮዬ ጭው ብሎ ቀረ። ሰው ያናግረኛል፣ ከንፈሩን እንጂ ቃሉን አልሰማም። በማግስቱም እንዲሁ። ጭውታው ሲለቀኝ ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ፣ እኔም እንደ ድሮዬ በድን ሆንኩ።

የኪነት ቡድኑ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እንደሚያሳይ ሰማሁ። ይመኙሻልን፣ «እንሂድ» አልኳት።

«ለዘፈን? አንቺ? ጤናሽ ነው?»

«ለዘፈን አይደለም። ለሳጥኑ ነው።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«እስካሁን ያላለን ምን ቀረ?»

ጎህ ሳይቀድ ተነስተን በእግራችን ሄድን። እዚያ እንደደረስን ተጋፍቼ ሳጥኑ ሥር ቆምኩ፤ ይመኙሻል ጆሮዋን ወትፋ ከኋላዬ። ሁለት ጎረምሶችም ከቀየት መጥተው ኖሯል፤ እኔን ሲያዩ ሳቁ፣ ከዚያ እንደ ማኅበርተኛ ቦታ ለቀቁልኝ። አንደኛው ራሱን ወደ ፊት ወደ ኋላ እየወዘወዘ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ምን እንዳመመው አልጠየቅሁትም። እዚያ ሳጥን ሥር ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አይሰማም።

ካበቃ በኋላ ተገኘን ሽቦ ሲጠቀልል አገኘሁት።

«ልጄ፣ መጀመሪያ የምትሞክራትን ለምን አታረዝማትም?» አልኩት።

ሳቀ። «እማማ፣ እሷ እኮ ሙዚቃ አይደለችም። የሳጥኑ ወረቀት መንገድ ላይ ተቀዶብን ነው የሚያጓራው። አዲስ እስኪሰጡን ነው።»

«እንዳታሰፋው» አልኩት።

አየኝ። ቀልድ መስሎት ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። «ልጅ ግንባር አለዎት?» አለኝ።

«ነበረኝ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። የተናገርኩት ለማላውቀው ልጅ ሆነ።

ጓድ ኃይሌ ይህን የኪነት ፍቅሬን ሰምቶ በስብሰባ ላይ አስነሳኝ። እናት አማከለች የአብዮቱን ኪነት ፍለጋ መሐል ሜዳ ድረስ በእግሯ የተጓዘች አርአያ ናት አለና አስጨበጨበልኝ። ከወዲያ ጥግ ወዳጆ በአንድ እጁ ጉልበቱን እየመታ አጨበጨበልኝ። ይመኙሻል ወዳጆን ስታይ ቀና ማለት ትታ መሬት መሬት ታያለች፤ እጇም ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። ስብሰባው የተደረገው አዳራሽ ውስጥ ነው። ነፋስ አልነበረም።

ጥር ላይ ቡድኑ እንደገና ወደ ቀየት መጣ። አዲስ ዙር ለውትድርና የተመለመሉ ልጆች የሚሸኙበት ዕለት ነበር። ልጆቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ጢም እንኳ አላበቀሉም። እናቶቻቸው ወዲህ ማዶ ቆመው፣ አታልቅሱ ስለተባሉ አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል።

ተገኘ አየኝና መጣ። «እማማ፣ የዛሬው የመጨረሻችን ነው። ግንባር ሄደን ለሠራዊቱ እንድናሳይ ታዘናል። ሳጥኑም ይለወጣል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዛሬዋን አረዝማታለሁ» አለ።

ይመኙሻል እንደ ልማዷ ፀጉሩን ዘረጋችልኝ። «ጆሮሽ ይደነቁራል፣ እባክሽ» አለችኝ። እጇን መለስኩና ሳጥኑን ተጠግቼ፣ ጎኔን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ቆምኩ።

አረዘማት። ሙከራ ነው ብሎ ጀመረና አላቆመም። ከበሮው ገባበት፣ ሌላ ጊታርም ከሥር ሆኖ ገባበት። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ነገር ከእግሬ ተነስቶ መጣ፤ ሆዴ ውስጥ ያ ሹክታ የተቀመጠበት ቦታ ደረሰ፣ ነካው። እጄ ተነስቶ ደረቴን መታኝ። አመመኝ። አመመኝ! ደግሜ መታሁት። አፌን ስከፍት ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ ሳጥኑ ሁሉን ይውጠዋል። ማንም እንደማይሰማኝ አውቄ ጮህኩ፤

ባናህን ፈትዬ ሳላለብስህ፣
አፈር ቀደመችኝ፣ እሷ አለበሰችህ።

በእኛ አገር ደረት ሲመታ ያየች ሴት ለምን ብላ አትጠይቅም። ለቅሶ ብድር ነው፤ መጀመሪያ አብራ ትመታለች፣ የማን እንደሆነ ኋላ ትሰማለች። አጠገቤ ያለችው ጀመረች። ከሷ ቀጥላ ያለችው ጀመረች። ያን ሁሉ ዘመን አፋቸውን በነጠላ የያዙ ሴቶች መሬቱን በእግራቸው እየረገጡ፣ ደረታቸውን እየደቁ ዞሩ። ያም ሳጥን ከላይ ሆኖ ይከድናቸዋል። ጓድ ኃይሌ መድረኩ ላይ ሆኖ አየን፣ ፊቱ በራ። የአብዮት ጭፈራ መስሎታል፤ የደረት ምት ከእስክስታ መለየት ካድሬነት አስረስቶታል። ከአውራጃ ለመጣው እንግዳ በጣቱ እያሳየ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኋላ ነው የነገሩኝ። እንግዳው ንግግር እንዲያደርግ ጓድ ኃይሌ እጁን አነሳ፣ ተገኘም አቆመ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፋቸውን ዘጉ፣ እጃቸውን አወረዱ። ይመኙሻልም ጆሮዋ ስለተወተፈ ደህና ነበረ፤ ጸጥታውን ሰምታ አቆመች።

እኔ አልሰማሁም። የእኔ ጆሮ ውስጥ ሳጥኑ አሁንም ያጓራል። ሙዚቃው እንዳለ መስሎኝ፣ በዚያ ጸጥ ባለ ሜዳ፣ በካድሬውና በእንግዳው ፊት፣ በሚሸኙት ልጆች ፊት፣ «በዕውቄ! በዕውቀቱ ልጄ! ሞተሃል አሉኝ እኮ! ጨው ስገዛ ነገሩኝ!» እያልኩ ደረቴን እመታለሁ።

ያወቅሁት ፊታቸውን አይቼ ነው። ጓድ ኃይሌ ማጨብጨቡን አቁሟል። የሴቶቹ እጅ ወርዷል። ከሰልፉ አንድ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። ገባኝ። ግን ማቆም አልቻልኩም፤ ዓመት ሙሉ ስለምነው ኖሬ የመጣ ዕንባ፣ ካድሬ ቆመ ብሎ አይመለስም።

ሁለት ታጣቂዎች ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ይመኙሻል አጠገቤ መጣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠችና አዘቅዝቃ ለበሰች። ከኋላዋ ያለችው አዘቀዘቀች። ሌላይቱም። ሜዳው ላይ ያለች ሴት ሁሉ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከታጣቂዎቹ የአንደኛው እናት ከመሐል ነበረች፤ አያትና ቆመ። ለቅሶ ከተጀመረ ተጀመረ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መርዶ አልተነገረም የሚል የለም።

ጓድ ኃይሌ ለቅሶው ለእንግዳው እንዳይሰማ ብሎ ነው መሰለኝ፣ በእጁ ምታ ምታ እያለ ወደ ተገኘ ጮኸ። ተገኘም መታ። ግን የድል ዘፈን አልነበረም። ዝግ ያለ ነበር። በጆሮዬ ባልሰማውም በእግሬ አወቅሁት፤ ሴቶቹም በሱ ረገጡ። ልጄ በዕውቀቱ በመንግሥት ጄኔሬተር ተለቀሰ። እኔን በኋላ ስኳር ከለከሉኝ፤ ሌላ ምንም አላደረጉኝም። ስኳሩ ጣዕሙ ከጠፋኝ ቆይቶ ስለነበር ጎዱኝ አልልም።

በማግስቱ ማለዳ ቤቴ በሰው ሞላ። መምሬ አፈወርቅ ጭምር መጡ፤ ዓይናቸውን እያሸሹ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፣ ተሳለምኩ። ይህን ጊዜ ብረቱ ቀዘቀዘኝ። ሰው እየገባ እግዚአብሔር ያጥናሽ ይለኛል፤ ከከንፈሩ ነው የማነበው፣ ጆሮዬ አሁንም ጭው እንዳለ ነው። ተመስገን አልኩ። የመጽናኛ ቃል ሳልሰማ ማልቀስ ደግ ነገር ነው።

ወዳጆ ገባ። በሩ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠ። እኔ ይመኙሻል ተነስታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ብዙ ጊዜ እጆቿን ስታይ ቆየች። ከዚያ አንደኛውን ጆሮዋን ጎርጉራ ድብልብሏን ፀጉር አወጣች። ሁለተኛውንም አወጣች። ሁለቱንም እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ የበዕውቀቱ ባና ፀጉር ነው፣ ሞቋል። ያኔ ነው ነፋሱ ምን እንደነበር የገባኝ።

ዞራ ወዳጆን አየችው። አንድ ቃል ተናገረች። የልጇ ስም ነበር፤ ወሰኔ ስትል ከንፈሯ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ወዳጆ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ማለዳ ነበር፣ ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፣ ደጃፉ በነጠላ ተሸፍኗል፤ እኔም ልይዛት አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ያልሆነልኝ ወግ ሁሉ ለእሷ ተሟልቶላታል። ወዳጆ አፉን ከፈተ።

ምን እንዳለ አልሰማሁም። ይመኙሻል እቅፌ ውስጥ ወደቀች፣ ደረቷ ደረቴ ላይ ሆነ። ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር። ጩኸቷን ግን በጎድኔ ሰማሁት።